በሸመገለ ዕድሜ ክብደትን መቀነስ፦ የሚሄደው ስብ ነው ወይስ ጡንቻ?

በአገራችን ሰው ለረጅም ጊዜ ያላያቸውን አንዲት እናት ሲያገኝ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ ዐይኑ የሚያርፈው በሰውነታቸው ላይ ነው። ሞላ ብለው ካገኛቸው «ተስማምቶዎታል» ይላል፤ ቀጠን ብለው ካገኛቸው ደግሞ «ምነው ከሱ? አሞዎት ነበር እንዴ?» ብሎ ይሠጋል። እኚሁ እናት በማግሥቱ ለደም ግፊታቸው ወይም ለስኳራቸው ክትትል ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ የሚሰሙት ምክር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ «እማማ፣ ክብደት መቀነስ ይኖርብዎታል» ይባላሉ። ጎረቤት ክሳትን የበሽታ ምልክት አድርጎ ያያል፤ ሐኪሙ ውፍረትን የበሽታ ምንጭ ያደርጋል። ታዲያ እማማ ከሁለቱ የማንን ቃል ይቀበሉ?

ጥያቄው የጎረቤትና የሐኪም ብቻ አይደለም። በሕክምናው ዓለም ውስጥም ቢሆን መልሱ ለብዙ ዓመታት አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። በአንድ ወገን ያሉ ባለሙያዎች ከልክ ያለፈ ውፍረት ለአረጋዊ ሰው ጉልበትና ልብ ጠንቅ ነው፣ ስኳርም ያስከትላል ሲሉ፣ በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ አረጋዊ ሰው ክብደት ሲቀንስ ከስቡ ጋር ጡንቻውንና የአጥንቱን ጥንካሬ አብሮ ስለሚያጣ፣ ሕክምና የተባለው ነገር ራሱ ለመውደቅና ለስብራት ያጋልጠዋል ብለው ይከራከሩ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ክርክሩ በምን ዓይነት ሙከራ እየተፈታ እንደመጣ ለመመልከት እንሞክራለን። ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን ሁለት መሠረታዊ ነገሮችን ማየት ይገባናል፤ አንደኛው ስብ «ጠፋ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ዕድሜ በሰውነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው።

የጠፋው ስብ የት ሄደ?

ይህን ጥያቄ ለጓደኞቻችን ስናቀርብ በብዛት የሰማነው መልስ «ወደ ኃይልነት ተለወጠ» የሚል ነበር። የኬሚስትሪ ተማሪ ግን በዚህ መልስ ሊረካ አይገባውም። በኬሚካዊ ለውጥ ውስጥ ቁስ አይጠፋም፤ አቶሞቹ የሆነ ቦታ መገኘት አለባቸው።

በሰውነታችን ውስጥ የሚከማቸው ስብ አብዛኛው ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ውህድ ሲሆን፣ የአንዱ ሞለኪውል አማካይ ቅንብር 55 የካርቦን፣ 104 የሃይድሮጅንና 6 የኦክስጅን አቶሞች ነው። ይህ ሞለኪውል ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 78 የኦክስጅን ሞለኪውሎች ያስፈልጉታል፤ ውጤቱም 55 የካርቦን ዳይኦክሳይድና 52 የውሃ ሞለኪውሎች ነው። አንባቢ ወረቀትና እርሳስ አንሥቶ የአቶሞቹን ክብደት ቢያሰላ፣ 10 ኪሎ ግራም ስብ ለማቃጠል 29 ኪሎ ግራም ያህል ኦክስጅን እንደሚያስፈልግ፣ ከዚያም 28 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 11 ኪሎ ግራም ውሃ እንደሚገኝ ይደርስበታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሩበን ሚርማንና አንድሩ ብራውን የተባሉ በአውስትራሊያ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ከ10 ኪሎ ስብ ውስጥ 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ የቀረው 1.6 ኪሎ ደግሞ ውሃ ሆኖ በሽንት፣ በላብና በመሳሰሉት ይወገዳል።

ስሌቱን መጀመሪያ ሠርተን ማመን ስላቃተን ደግመን ሠራነው። ከእንቅስቃሴ በኋላ በላብ የተጠመቀ ሰው «ስቤ ቀለጠ» ሲል፣ እውነቱ አብዛኛው ስብ ሳይታይ በአፍንጫውና በአፉ መውጣቱ ነው። «እንግዲያው በብዛት ብንተነፍስስ?» የሚል ካለ ግን አይጠቅመውም፤ የሚወጣውን ካርቦን የሚወስነው በሕዋሳት ውስጥ የተቃጠለው ነዳጅ እንጂ የትንፋሽ ብዛት አይደለምና ትርፉ ራስ ማዞር ነው። ስንንቀሳቀስ ይህን ነዳጅ በብዛት የሚያቃጥለው ጡንቻ ነው። ዕድሜ ቀድሞ እጁን የሚያሳርፈውም በዚሁ ጡንቻ ላይ ነው።

ከ60 ዓመት በኋላ የሚመጣ ለውጥ

ብዙ ሰው ገና ከ30 ዓመቱ ጀምሮ «ሰውነቴ ማቃጠል ቀነሰ» እያለ ውፍረቱን በዕድሜው ያሳብባል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመውና ኸርማን ፖንትዘር ከባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱት ጥናት ግን ይህን አባባል አልደገፈም። ጥናቱ ከ29 አገሮች የተሰበሰበ፣ ከተወለዱ 8 ቀን ከሆናቸው ሕፃናት እስከ 95 ዓመት አረጋውያን ድረስ ያሉ ከ6,400 በላይ ሰዎች የዕለት የኃይል ወጪ መረጃን ያካተተ ነበር። የሰውነት መጠንና የስቡ ድርሻ ከግምት ገብቶ ሲታይ፣ የኃይል ወጪው ከ20 እስከ 60 ዓመት እምብዛም አይለወጥም። መቀነስ የሚጀምረው ከ60 ገደማ በኋላ ሲሆን፣ በየዓመቱ 0.7 በመቶ ያህል እያለ ይወርዳል። ስለዚህ በመካከለኛ ዕድሜ ላይ የምንገኝ ሰዎች የምናቀርበው ሰበብ ብዙም አያስኬድም፤ የ75 ዓመት አዛውንት ግን በ50 ዓመታቸው ይመገቡት የነበረውን ያህል እየተመገቡ ቢቀጥሉ ክብደት ቢጨምሩ አያስደንቅም።

የጡንቻው ለውጥ ከዚህም የከፋ ነው። ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ የጡንቻ መጠን በዓመት በግምት 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ የጡንቻ ኃይል ደግሞ ከመጠኑ ፈጥኖ ይወርዳል። አሜሪካዊው የሥነ ምግብ ተመራማሪ ኧርዊን ሮዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1989 ለዚህ ሁኔታ «ሳርኮፔኒያ» የሚል ስም አወጡለት። ቃሉ ከግሪክኛ «ሥጋ» እና «እጦት» የሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ሲሆን፣ በእኛ ቋንቋ «የሥጋ ድህነት» ብንለው ከትርጉሙ ብዙ አንርቅም። ጡንቻን የሚያዝዙ የነርቭ ሕዋሳት በዕድሜ ቁጥራቸው እየቀነሰ ይሄዳል። ትእዛዝ ያጡት የጡንቻ ክሮችም ይሟሽሻሉ፤ በተለይ በፍጥነት የሚኮማተሩትና ሰው ሲደናቀፍ እግሩን ቶሎ አንሥቶ እንዳይወድቅ የሚያደርጉት ክሮች ቀድመው ይጎዳሉ። በዚህ ላይ የአረጋዊ ሰው ጡንቻ ከምግብ ለሚያገኘው ፕሮቲን የሚሰጠው ምላሽ ከወጣቱ ያነሰ ነው።

ጡንቻው ሲሳሳ ቦታው ባዶ አይቀርም። በሥጋ ቤት ተሰቅሎ የምናየው ሥጋ በቀዩ መካከል ነጭ ጮማ እንደሚጋደምበት ሁሉ፣ በአረጋዊ ሰው ጡንቻ ክሮች መካከልም ስብ ይገባል። በመሆኑም በ40 ዓመታቸው 70 ኪሎ የነበሩ ሰው በ70 ዓመታቸውም ያው 70 ኪሎ ቢመዝኑ ሚዛኑ «ምንም አልተለወጠም» ይላል፤ ውስጡ ግን ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የቤልጂጉ የሒሳብና የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀመሩት፣ ክብደትን በኪሎ ግራም ለቁመት በሜትር ስኩዌር የማካፈል ዘዴም ከዚህ ችግር አያድነንም። እንዲያውም አዛውንት በጀርባ አጥንት መሟሸሽ ምክንያት ቁመታቸው ስለሚቀንስ ዘዴው ሌላ ስሕተት ይጨምርበታል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሰው ቁመታቸው ከ1.65 ሜትር ወደ 1.60 ቢወርድ፣ አንድ ግራም ሳይጨምሩ ውጤታቸው ከ25.7 ወደ 27.3 ያድጋል። የወገብ ዙሪያን በሜትር መለካት ቀላል ቢመስልም በሆድ ውስጥ ስላለው ስብ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል።

ምግብ በመቀነስ ብቻ ክብደት ሲቀነስ፣ እንደ ግምታዊ ስሌት ከሚሄደው ክብደት ሩብ ያህሉ ስብ ሳይሆን ጡንቻና ሌላው ስብ ያልሆነ የሰውነት ክፍል ነው። ወጣት ሰው ይህን ኪሳራ መቋቋም ይችላል። አረጋዊት እናት ግን በጾምና በመከራ 6 ኪሎ ቀንሰው ከዓመት በኋላ ያንኑ 6 ኪሎ መልሰው ቢጨምሩ፣ የሚመለሰው በአብዛኛው ስብ ነው። በሚዛን ከነበሩበት ተመልሰዋል፤ በጡንቻ ግን ከነበሩበት ዝቅ ብለዋል።

አጥንትም ሸክሙን ያውቃል

ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተሙት ሥራ አጥንት የሚሸከመውን ጭነት እየተከተለ ራሱን እንደሚያንጽ አስረድተዋል። አጥንት እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር አይደለም። በውስጡ ያሉ አንዳንድ ሕዋሳት አሮጌውን ያፈርሳሉ፣ ሌሎች ደግሞ አዲስ ይገነባሉ፤ ጭነት ሲበዛ ግንባታው ይበረታል፣ ጭነት ሲቀንስ ማፍረሱ ያይላል። ክብደት በሌለበት ጠፈር ውስጥ የሚቆዩ ጠፈርተኞች ከዳሌ አጥንታቸው ጥግግት በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚያጡት በዚህ ምክንያት ነው። በምድር ላይ ያሉ አዛውንትም 10 ኪሎ ከሰውነታቸው ሲያራግፉ፣ የዳሌ አጥንታቸው በእያንዳንዱ እርምጃ የሚሸከመው ጭነት ስለሚቀንስ አጥንቱ «አልፈለጉኝም» ብሎ መሳሳት ይጀምራል። የሚጠራጠሩት ሐኪሞች ሥጋት ከዚህ የመነጨ ነው። አንድ የዳሌ ስብራት በሸመገለ ዕድሜ የሚያስከትለውን ያየ ሰው ሥጋቱን አያቃልለውም።

በሴንት ሉዊስ ከተማ የተደረገው ሙከራ

ዴኒስ ቪላሪያልና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመው ሙከራ ለክርክሩ ቁልፍ ማስረጃ አቀረበ። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ከልክ በላይ የወፈሩና የአቅም መድከም የሚታይባቸው 107 ፈቃደኞች በዕጣ በአራት ቡድን ተከፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን አኗኗሩን አልለወጠም፤ ለማነጻጸሪያ የተቀመጠ ነውና። ሁለተኛው ምግቡን ብቻ ቀነሰ፤ በየቀኑ ከሚያስፈልገው ከ500 እስከ 750 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያነሰ፣ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1 ግራም ገደማ ጥሩ ፕሮቲን ያለበት ምግብ ተመገበ። ሦስተኛው ምግቡን ሳይቀንስ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 90 ደቂቃ ያህል የእግር ጉዞን የመሰለ እንቅስቃሴ፣ ክብደት ማንሣትና ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ አደረገ። አራተኛው ሁለቱንም አጣመረ። ለሁሉም ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ተሰጣቸው። ሙከራው አንድ ዓመት የፈጀ ሲሆን 93ቱ እስከ መጨረሻው ዘልቀዋል።

ሙከራውን ከሌሎች ልዩ የሚያደርገው ዋናው መለኪያው ሚዛን አለመሆኑ ነው። ተመራማሪዎቹ የጠየቁት «ስንት ኪሎ ቀነሱ?» ብለው ሳይሆን «ምን ማድረግ ቻሉ?» ብለው ነው። ተሳታፊዎቹ ከወንበር ተነሥተው ይቀመጣሉ፣ ኮት ለብሰው ያወልቃሉ፣ ከወለል ላይ ሳንቲም ያነሣሉ፣ መጽሐፍ ከፍ አድርገው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ደረጃ ይወጣሉ፣ በቆሙበት ሙሉ ዙር ይዞራሉ፤ ጠቅላላ ነጥቡ ከ36 ይታሰባል። ለወጣት አንባቢ ይህ ፈተና ሳይሆን ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን አንድ አረጋዊ በገዛ ቤታቸው ያለ ረዳት መኖር መቻል አለመቻላቸውን የሚወስኑት እነዚህ ተራ የሚመስሉ ድርጊቶች ናቸው።

ውጤቱን በጥንቃቄ እንመልከተው። ምግብ ብቻ የቀነሰው ቡድን ከክብደቱ 10 በመቶ፣ ሁለቱን ያጣመረው 9 በመቶ ቀነሰ፤ እንቅስቃሴ ብቻ ያደረገውና ማነጻጸሪያው ቡድን ግን በክብደት አልተለወጡም። በሚዛን ብቻ የሚፈርድ ሰው እዚህ ላይ «አሸናፊው ምግብ የቀነሰው ነው፣ እንቅስቃሴ ዋጋ የለውም» ብሎ ደብተሩን ይዘጋ ነበር። የአካል ብቃት ፈተናው የሚናገረው ሌላ ነው። ምግብ የቀነሰው ቡድን በ12 በመቶ፣ እንቅስቃሴ ያደረገው በ15 በመቶ፣ ያጣመረው በ21 በመቶ ሲሻሻሉ፣ ማነጻጸሪያው ቡድን በ1 በመቶ ብቻ ተሻሻለ። አንድም ኪሎ ያልቀነሱት ሰዎች 10 በመቶ ከቀነሱት ያላነሰ መሻሻል አሳይተዋል ማለት ነው።

የጡንቻውና የአጥንቱ ውጤትም ሥጋቱ ከንቱ እንዳልነበረ አረጋገጠ። ስብ ያልሆነው የሰውነት ክብደት ምግብ ብቻ በቀነሰው ቡድን በ5 በመቶ ሲወርድ፣ ባጣመረው በ3 በመቶ ብቻ ወረደ። የዳሌ አጥንት ጥግግት ምግብ ብቻ በቀነሰው ቡድን በ2.6 በመቶ፣ ባጣመረው በ1.1 በመቶ ሲቀንስ፣ እንቅስቃሴ ብቻ ባደረገው ግን በ1.5 በመቶ ጨመረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ሁለቱን ማጣመር ጉዳቱን ቀነሰው እንጂ ፈጽሞ አላስቀረውም።

እነዚሁ ተመራማሪዎች ጥያቄውን አጥብበው በ160 ወፍራም አረጋውያን ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ሁለተኛ ሙከራ፣ ምግብ ከመቀነስ ጋር የትኛው እንቅስቃሴ ይሻላል ብለው መረመሩ። ልብና ሳንባን የሚያሠራውን የእግር ጉዞ የመሰለ እንቅስቃሴ፣ ክብደት ማንሣትንና ሁለቱን በአንድነት አነጻጸሩ። በስድስት ወር ውስጥ ሦስቱም ቡድኖች እኩል 9 በመቶ ክብደት ቀነሱ። ስብ ያልሆነው ክብደት ግን በእግር ጉዞው ቡድን በ5 በመቶ፣ ባጣመረው በ3 በመቶ፣ ክብደት ባነሣው በ2 በመቶ ወረደ። የዳሌ አጥንት ጥግግት በእግር ጉዞው ቡድን በ3 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ ባጣመረው በ1 በመቶ፣ ክብደት ባነሣው ቡድን በግማሽ በመቶ ብቻ ቀነሰ። በአካል ብቃት ፈተናው ያጣመረው ቡድን በ21 በመቶ፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በ14 በመቶ ተሻሻሉ።

በጠዋት ተነሥተው በእግራቸው የሚጓዙ አዛውንትን ማየት ደስ ያሰኛል፤ ይተዉት ማለታችንም አይደለም። ለልብና ለደም ሥር ጤና የእግር ጉዞን የሚተካ ቀላል ነገር አናውቅም። ነገር ግን ምግባቸውን እየቀነሱ የሚራመዱ ብቻ ከሆነ ጡንቻቸውንና አጥንታቸውን ለመጠበቅ አይበቃቸውም።

ለ90 ዓመት አዛውንት ክብደት ማንሣት?

«በዚህ ዕድሜ ብረት አንሡ ማለት ግፍ ነው» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እንገምታለን። ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቻቸው በቦስተን ከተማ በአረጋውያን መኖሪያ የሚገኙ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነና ከመካከላቸው የ96 ዓመት ሰው የሚገኝባቸው 10 ፈቃደኞችን ለስምንት ሳምንት የእግር ጡንቻ ልምምድ አሠርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ልምምዱን የፈጸሙት ዘጠኙ አዛውንት የእግር ጡንቻ ኃይላቸው በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። የጭን ጡንቻቸው ስፋት ግን የጨመረው በ9 በመቶ ብቻ ነው። የሁለቱ ቁጥሮች መራራቅ ለሥነ ሕይወት ተማሪ ትልቅ ትምህርት አለው፤ የመጀመሪያው ጥቅም የመጣው በአብዛኛው ከጡንቻው ማደግ ሳይሆን የነርቭ ሥርዓቱ ያሉትን ክሮች በሙሉ ማሠራት ከመማሩ ነው።

ለዚህ ዓይነት ልምምድ ማሽን አያስፈልግም። 2 ሊትር ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ 2 ኪሎ ይመዝናል፤ ወንበር፣ ግድግዳና ደረጃ በየቤቱ አሉ። ቁም ነገሩ ጭነቱን ቀስ በቀስ መጨመር ነው። በጠርሙስ 10 ጊዜ ማንሣት ቀላል ከሆነ በኋላ ያንኑ ጠርሙስ ዓመት ሙሉ ማንሣት ጡንቻውን አያስተምረውም።

ስኳር፣ ጉልበትና ልብ

ክብደት መቀነስ ለምን ተፈለገ የሚለውን በአጭሩ እንይ። በአሜሪካ በ27 ማዕከላት የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ለበሽታው የተቃረቡ 3,234 ሰዎችን ያካተተ ነበር። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተመከሩት ወገኖች፣ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የወሰዱት በ31 በመቶ። ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ በሆኑት ዘንድ የአኗኗር ለውጡ ጥቅም ወደ 71 በመቶ ከፍ አለ። «ለእኔማ አለፈኝ» የሚሉ አዛውንት ከወጣቶቹ የበለጠ ተጠቅመዋል።

የጉልበት መገጣጠሚያን በተመለከተ ስቴፈን ሜሲየርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ወፍራም አረጋውያን በቀነሱት በእያንዳንዱ 1 ኪሎ ምክንያት በጉልበታቸው ላይ በአንድ እርምጃ የሚያርፈው ጭነት በ4 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። 5 ኪሎ የቀነሱ ሰው አንዱን ጉልበታቸውን በእያንዳንዱ እርምጃ ከ20 ኪሎ ገላገሉት ማለት ነው፤ ያ እግር 1,000 ጊዜ መሬት ሲረግጥ ድምሩ 20 ቶን ይሆናል።

የልብ ጉዳይ ግን እንደተጠበቀው አልሆነም። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸው፣ ከ45 እስከ 76 ዓመት የሚሆናቸው 5,145 ሰዎች የተሳተፉበት ሉክ አሄድ የተባለው ትልቅ ሙከራ፣ የልብ ሕመምንና የአንጎል ደም መታወክን አልቀነሰም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ቆመ። ተሳታፊዎቹ በመጀመሪያው ዓመት 8.6 በመቶ፣ በመጨረሻ 6 በመቶ ቀንሰው ነበር። በሌላ በኩል በአራት ዓመት ውስጥ እንደ ልብ የመንቀሳቀስ ችሎታን የማጣት ዕድላቸው በ48 በመቶ ቀንሷል። ከዓመታት በኋላ የስብራት መዝገቡ ሲመረመር ደግሞ የዳሌ፣ የወገብ አጥንት ወይም የላይኛው ክንድ ስብራት የማግኘት ዕድላቸው 39 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። የዚህ ሙከራ እንቅስቃሴ በዋናነት ፈጣን የእግር ጉዞ እንደነበር አንባቢ ያስታውስ።

ማዕዱ

ምን ያህል ይበላ የሚለውን ብዙ ስለተጻፈበት አናስረዝመውም፤ በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል መቀነስ ለአረጋዊ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ መቸኮል አይበጅም። ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ፣ በዘይት የተጠበሰ፣ ከወጡ በላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ቀድመው ይነሡ። ሳይነሣ መቅረት ያለበት ፕሮቲን ነው። በዕድሜና በፕሮቲን ጉዳይ የመከሩ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ለጤናማ አረጋዊ በቀን ለኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን መክረዋል፤ ለ70 ኪሎ ሰው ከ70 እስከ 84 ግራም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል ይሰጣል።

በአገራችን ጉዳዩ ከጾም ጋር ይያያዛል። አጽዋማትን ሁሉ የሚጠብቁ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ከዓመቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጊዜ ያለ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ያሳልፋሉ፤ አዛውንቱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ጽኑዎች ናቸው። የጾም ማዕድ ለክብደት ቅነሳ ምቹ ነው፤ ለጡንቻ ግን ምቹ የሚሆነው ሽሮው ወፈር፣ ምስሩና ክኩ በዛ፣ እንጀራው ቀነስ ሲል ነው። በተግባር የምናየው ብዙ ጊዜ የዚህ ግልባጭ ነው፤ እንጀራው ሰፊ፣ ሽሮው ቀጭን ይሆናል።

ክብደት መቀነስ የሌለበት ጊዜ

ወደ መጀመሪያው ጎረቤት እንመለስ። አንድ አረጋዊ ሳይፈልጉትና ሳይሞክሩት ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ከክብደታቸው 5 በመቶና ከዚያ በላይ ካጡ፣ ማለትም 60 ኪሎ የነበሩ ሰው ወደ 57 ከወረዱ፣ «ተሳካልዎ» መባል የለባቸውም። ሳንባ ነቀርሳ፣ ካንሰር፣ ያልታወቀ ስኳር፣ የጥርስ ሕመም ወይም የመንፈስ ጭንቀት ከበስተኋላው ሊኖር ስለሚችል ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። «ምነው ከሱ?» ያለው ጎረቤት እዚህ ላይ ትክክል ነው። በፈቃዳቸው የሚቀንሱትም ቢሆኑ ኢንሱሊን፣ ግሊቤንክላማይድ ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ክብደቱ ሲወርድ የቀድሞው መጠን ሊበዛባቸውና ስኳራቸው ወይም ግፊታቸው ከልክ በታች ሊወርድ ስለሚችል ከሐኪማቸው ጋር ሳይነጋገሩ መጀመር የለባቸውም።

በቅርብ ዓመታት የወጡት የክብደት መቀነሻ መርፌዎችም ከዚህ ጥያቄ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ሙከራ ሴማግሉታይድ በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 14.9 በመቶ ክብደት ቀንሷል፤ ከተቀነሰው ውስጥ ግን ቀላል የማይባለው ክፍል ስብ ያልሆነ ነው። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ከዓመት በኋላ ከተቀነሰው ሁለት ሦስተኛው ያህል ተመልሷል።

ይህን ጽሑፍ ያነበበ ተማሪ አያቱ ዘንድ ሲሄድ ሚዛን ተሸክሞ መሄድ አያስፈልገውም። የእጅ መደገፊያ የሌለው ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፎ ያስቀምጥና፣ አያቱ እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው በ30 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተነሥተው እንደሚቀመጡ ይቁጠር። ከ70 እስከ 74 ዓመት ላሉ ሴቶች ከ10 በታች፣ ለወንዶች ከ12 በታች ከሆነ እግራቸው ደክሟል፣ የመውደቅ ሥጋትም አለባቸው ማለት ነው። በሚቆጥርበት ጊዜ ከአጠገባቸው ይቁም፤ ራሴን አዞረኝ ወይም ደረቴን አመመኝ ካሉ ወዲያው ያቁም። ቁጥሩንና ቀኑን በደብተር ጽፎ ከሦስት ወር ልምምድ በኋላ እንደገና ይቁጠር።